ከላሟ በፊት እንጉዳዩ ይቅመሰው

በበጋ መጨረሻ ገጠር ወጣ ብሎ ከብት ያየ ሰው አንድ ነገር ግር ይለዋል። ሆዳቸው ተወጥሯል፤ የጎን አጥንታቸው ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። አልበሉም እንዳይባል ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ነው የዋሉት። የበሉት ግን ጭድ ነው።

እኔ ያደግኩት ላም በሚረባበት ግቢ ነው። አክስቴ ዛሬም ሱሉልታ ላይ ጥቂት ዲቃላ ላሞች አሏቸው። ስለዚህ የመኖ ነገር ለእኔ የቤት ወሬ ነው። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ከፖለቲካው በፊት የሚነሳው የፉርሽካ ዋጋ ነው። ፋጉሎ ጨመረ፣ ፉርሽካ ጠፋ፣ ጭዱ ራሱ በአይሱዙ እየተጫነ መጥቶ የማይቀመስ ሆነ፣ ወተቱ ግን የሚገዛን ባለበት ዋጋ ነው፤ ወሬው ይሄው ነው። ሰሞኑን ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገብቼ ከርሜያለሁ። እንጉዳይ! ላሟ እንጉዳይ ትብላ ማለቴ አይደለም። እንጉዳዩ ጭዱን ቀድሞ ያላምጥላት ነው የምለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጭዱ ነው።

ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አላት። በአፍሪካ ቀዳሚ ነን። ይህ ሁሉ ከብት በተለይ በደጋውና በወይና ደጋው፣ ከመኸር በኋላ የሚኖረው በእርሻ ተረፈ ምርት ነው። የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ፣ የበቆሎና የማሽላ አገዳ። ከነዚህ የጤፉ ይሻላል። ለስለስ ይላል፣ ላሞቹም ይወዱታል። የስንዴው ግን ሌላ ነው። ፕሮቲኑ ከመቶ 3 ወይም 4 ቢሆን ነው። የላም ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ሥራቸውን በወጉ ለመሥራት ከመቶ 7 ገደማ ይፈልጋሉ። ከዚያ ሲያንስ እነሱ ራሳቸው ይራባሉ። እነሱ ሲራቡ የገባው ጭድ ቶሎ አይፈጭም፤ ሆድ ይዞ ይቀመጣል። ላሟ ሌላ ለመብላት ቦታ የላትም። ያ የተወጠረ ሆድ ምስጢሩ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ይበልጥ ያናድዳል። ጭድ ባዶ ነገር አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ነው፤ ሁለቱም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ላም ደግሞ ሴሉሎስ በመፍጨት የታወቀች እንስሳ ናት። ታዲያ ምን ያዛት? ሊግኒን። ተክሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው፣ እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ነገር እሱ ነው። ስኳሩን ዙሪያውን ጠፍንጎ ይይዘዋል። ተሕዋስያኑ ስኳሩ አጠገብ ደርሰው መግቢያ ያጣሉ።

ለምን ሊግኒኑን አይበጥሱትም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጣመኝ። ሊግኒንን በወጉ ለመፍታት ኦክስጅን ያስፈልጋል። የላም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሊን ኦርፒን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በበግ ጨጓራ ውስጥ ሲዋኙ የሚታዩ ጥቃቅን ነገሮች የፈንገስ ዘሮች መሆናቸውን አሳየ። ከዚያ በፊት አየር በሌለበት የሚኖር ፈንገስ አለ ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አልነበረም። እነዚህ ፈንገሶች ጭዱን ሰንጥቀው ይገቡበታል፣ ያላሉታልም። ሊግኒኑን ግን እነሱም አይበሉትም። አየር የለማ! ስለዚህ ሥራው መሠራት ካለበት ከሆድ ውጭ፣ ከግርግሙ በፊት መሠራት አለበት።

ውጭ ደግሞ ይህን ሥራ የሚችል አለ። እንጨት ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ እንጉዳዮች፤ እንጉዳይም ፈንገስ ነው። የምናየው ጃንጥላ መሳዩ ነገር ፍሬያቸው ነው፤ ዋናው አካላቸው እንጨቱ ወይም ጭዱ ውስጥ የሚሰራጭ ነጭ ድር ነው። ልጆች ሆነን ክረምት ላይ ያየነውን ሁሉ «የጅብ ጥላ ነው፣ እንዳትነኩ» እየተባልን ስላደግን ለእንጉዳይ ክብር የለንም። ድሩ ላኬዝና ማንጋኒዝ ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ይለቃል። እነዚህ በኦክስጅን ታግዘው ሊግኒኑን ይበጣጥሱታል። ቡናማው ሲጠፋ ነጣ ያለው ክር ይቀራል፤ በሳይንሱም ነጭ አበስባሽ ይባላሉ። በከተማችን ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የኦይስተር እንጉዳይ ከነዚሁ ወገን ነው።

ይህን ላብራቶሪ የፈጠረው እንዳይመስላችሁ። በደቡብ ቺሊ ዝናብ የማያጣው ቀዝቃዛ ጫካ አለ። እዚያ የወደቁ ትልልቅ ግንዶች ለዓመታት በዝግታ ይበሰብሱና ነጭ፣ ለስላሳ፣ በእጅ የሚቆረስ ነገር ይሆናሉ። የአገሩ ሰው ፓሎ ፖድሪዶ ይለዋል። ከብቶቹ ይበሉታል። አዎ፣ እንጨት ይበላሉ! ተመራማሪዎች ሄደው ሲያዩት ዋናው ሠሪ ጋኖደርማ የሚባል ፈንገስ ሆኖ አገኙት። ሊግኒኑን ጨርሶ ሴሉሎሱን ለከብቱ ትቶለታል። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። እኛ ጋ ከብቱ ካርቶንና ፌስታል ሲያኝክ እያየሁ ነው ያደግኩት።

እንግዲህ የቺሊ ከብት በዕድል ያገኘውን በዕቅድ ማድረግ ይቻላል ወይ? ኔዘርላንድስ ያለው የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ነው። ብዙ ዓይነት ፈንገሶችን በስንዴ ጭድ ላይ እያሳደጉ አወዳደሩ። አንዳንዱ ሊግኒኑንም ሴሉሎሱንም ያለ ልዩነት ይበላል። እንዲህ ያለው ለላም አይጠቅምም፤ ተፎካካሪዋ ነው። ጥሩ የሆኑት መርጠው የሚበሉት ናቸው። ሴሪፖሪዮፕሲስ የሚባል አንድ ፈንገስና ቻይናና ጃፓን የሚወደደው ሺታኬ ከፊት ከሚሰለፉት ናቸው። የእኛ ኦይስተር እንደነሱ መራጭ አይደለም። በአገራችን ዘሩ በቀላሉ የሚገኘው ግን የሱ ነው። ያለው ይሻላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የሚድበሰበሰው እዚህ ላይ ነው። «እንጉዳይ ጭድን በፕሮቲን ያበለጽጋል» የሚል ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። እውነት አለው፣ ግን ሙሉ አይደለም። 100 ኪሎ ደረቅ ጭድ አላችሁ እንበል፤ ፕሮቲኑ ከመቶ 4። ማለትም 4 ኪሎ ፕሮቲን አለ። ፈንገሱ ጭዱን ሲበላ ይተነፍሳል፤ የበላው አካል በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ አየር ላይ ይጠፋል። 20 ኪሎ ጠፋ እንበል። 80 ኪሎ ቀረ። ፕሮቲኑ ግን ያው 4 ኪሎ ነው። 4ን ለ80 ስታካፍሉት ከመቶ 5 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን በ25 በመቶ ጨመረ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ግራም እንኳ አልተጨመረም! በዚያ ላይ ላብራቶሪው የሚለካው ናይትሮጂኑን ነው፤ ያገኘውን በ6.25 አባዝቶ ፕሮቲን ይለዋል። የፈንገሱ ቆዳ የተሠራበት ካይቲን የሚባለው ነገርም ናይትሮጂን ስላለው አብሮ ይቆጠራል። ናይትሮጂን ከየትም አይፈጠርም። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1991 ፔኪሎ በሚባል ዘዴ ከወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ ፈሳሽ ላይ የእውነት ፕሮቲን የሞላው የፈንገስ መኖ ሲያመርቱ ነበር። እነሱ ግን ናይትሮጂኑን ከውጭ እየጨመሩለት ነው።

ታዲያ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? መከፈቱ ላይ። ያው ጭድ፣ ያው ፕሮቲን፣ ግን አሁን ተሕዋስያኑ ስኳሩ ጋ መግባት ይችላሉ። እኔ እንጉዳዩን የማየው እንደ እኩል አራሽ ነው። ጦም ያደረውን መሬት ያርስልሃል፣ ድርሻውንም ይወስዳል። ጥያቄው ድርሻው ስንት ይሁን ነው። መልሱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። መጀመሪያ ድሩ ሲሰራጭ ሊግኒኑን ይፈታል። ከዚያ ፍሬ ለማብቀል ሲነሳ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበቱን ከየት ያመጣል? ከዚያው ከከፈተው ስኳር። ለላም ብለህ የምታብላላ ከሆነ ጃንጥላው ብቅ ከማለቱ በፊት ማቆም አለብህ። እንጉዳዩን ደጋግመህ ከለቀምክ በኋላ የቀረው ብዙው ተበልቶበታል። አንዳንዴም ከጥሬው ጭድ ብዙም አይሻልም፤ አመዱ ብቻ ይበዛል።

ይህን ለገጣፎ ላይ ኦይስተር እንጉዳይ ለምታመርት ወዳጄ ስነግራት ሳቀች። «እንጉዳዩ ሳይወጣ ላቆመው? ታዲያ እኔ ምን ልብላ?» እውነቷን ነው። የእሷ ገቢ ፍሬው ነው፤ ለቅማ የጨረሰችውን፣ እንጉዳዩ የበቀለበትን ጭድ የያዘ ፌስታል ደግሞ አታክልት ለሚተክል ሰው ትሰጣለች፣ ወይም ጥግ ላይ ትቆልለዋለች። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ነገሩን አይተን እንፍረድ ብለን ከምርቷ ጥቂት ፌስታል ለሙከራ ለየች።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የስንዴ ጭዱ በጣት ቁመት ይከተከታል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል። ከዚያ በርሜል ውስጥ በሙቅ ውኃ ይታከማል። ማፍላት ሳይሆን ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለ ሙቀት አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ነው፤ የሻጋታ ዘሮችን ለመግደል። ይንጠፈጠፋል፣ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱን የምትለካው በእጇ ነው። አንድ ጭብጥ አንስታ ጨምቃ ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ ከወረደ ገና ነው። ከዚያ ዘሩ ይገባል። ዘሩ የተቀቀለ ማሽላ ላይ የበቀለ ነጭ ድር ነው። በሰም የተጠቀለለ ማሽላ ይመስላል። እጇን በአልኮል ጠርጋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነው የምትበትነው። ፌስታሉ ይታሰራል፣ በመርፌ ይበሳል፣ ጨለማ ክፍል ይገባል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ድሩ ጭዱን ያለብሰዋል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል።

ፌስታሉን በምላጭ ስትቀደው ጭዱ አልተበተነም። ነጩ ድር ሰፍቶት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጫፉን ቆረስኩ። ደረቅ የስንዴ ጭድ እጅ ይወጋል፤ ይሄኛው በጣቶቼ መሃል ሳሸው ተፈረፈረ። ሽታው ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ሽታ ነው፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ። አንዱ ፌስታል ግን ከታች ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነበረበት። ወዳጄ ምንም ሳትል አንስታ ከግቢ አስወጣችው። ትራይኮደርማ ነው፤ የእንጉዳይ አምራቾች ቀንደኛ ጠላት።

የተረፈውን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። አክስቴ ጆንያውን ከፍተው አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ የሻገተ ነው።»

«እቴቴ፣ ሻጋታ አይደለም። እንጉዳይ ነው።»

«አንተ አዲስ አበባ ገብተህ እንጉዳይ በላህ። የኔ ላም ሻጋታ አትበላም።»

ስቄ ላልፈው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። በእኛ አገር ሻጋታና መኖ ክፉ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ የኢልሪ፣ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ወስዶ ነበር። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ያልተገኘበት አንድም ናሙና አልነበረም። ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህን መርዝ የሚሠራውም ፈንገስ ነው፤ አስፐርጊለስ የሚባል። ስለዚህ ፈንገስ ሁሉ ወዳጅ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት። ነጭና ሽታው ንጹሕ ከሆነ እሺ። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ብርቱካንማ ነገር ካለበት ያንን ቆርሶ ማውጣት አይበቃም፤ ፌስታሉ በሙሉ ይጣላል። እንደወጣም ቶሎ መብላት ወይም ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ከግማሽ በላይ ውኃ ስለሆነ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ሌላ ሻጋታ ይቀድማችኋል።

እቴቴ በግድ እሺ አሉ። ለጥጃም ለእርጉዝም እንዳይሰጥ፣ ቦራ ለምትባለው ላም ብቻ፣ ያውም ትንሽ ተብሎ ተስማማን። ቦራ አሸተተችው። አንገቷን መለሰች። እቴቴ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ፉርሽካ ነሰነሱበት። ፉርሽካውን ላሰች፣ ከሥሩ ያለውን ነካ አደረገች፣ ቆም ብላ አሰበች መሰለኝ፣ ከዚያ በላች። በማግስቱ ያለ ፉርሽካም በላች። ወተቱ ጨመረ ወይ? በአንዲት ላምና በጥቂት ጆንያ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም፤ ጨመረ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው።

ግብርና የተማረ አንድ ዘመዴ ደግሞ ሌላ ክርክር አመጣ። «ዩሪያ እያለ ምን አስጨነቀህ?» ክርክሩ ይከብዳል። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ አሟሙቶ፣ ረጭቶ፣ በፕላስቲክ አፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒያ ጭዱን ያላላዋል፣ ናይትሮጂንም ይጨምርለታል። ማገዶ አይፈልግም፣ ዘር አይፈልግም፣ ከጭዱም የሚጠፋ የለም ማለት ይቻላል። ባለሙያዎች ለዓመታት ያስተማሩት ይሄንኑ ነው። ለብዙ ገበሬ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ዩሪያ ማዳበሪያ ነው። የገበሬው እጅ የገባች ዩሪያ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ማሳው ነው፤ ማን ይፈርድበታል? በደንብ ካልተሟሟና ካልተናፈሰ ደግሞ ከብት ይመርዛል።

ሕንዶች ሁለቱን ለማጋባት ሞክረው ነበር። ካርናል ከተማ ያለው ብሔራዊ የወተት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጭዱን መጀመሪያ በዩሪያ አክሞ ከዚያ ኮፕሪነስ የሚባል እንጉዳይ አሳደገበት። የተረፈውን አሞኒያ ፈንገሱ ወደ ፕሮቲን እንዲቀይረው ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው። ገበሬው ቤት ሲደርስ ግን ድካሙ በዛ፣ የሚጠፋው ጭድም በዛ፣ ብዙም አልተስፋፋም።

ስለዚህ አንድ ገበሬ ተነስቶ ለላሞቹ ብቻ ብሎ እንጉዳይ ያብላላ አልልም። ጭዱን ለማከም ማገዶ ያቃጥላል። ዘሩን ይገዛል። ከጭዱ ሲሶውን ወይም አንድ አምስተኛውን ለፈንገሱ ይገብራል። አያዋጣውም። እንጉዳይ ለሽያጭ የሚያመርት ሰው ግን እነዚህን ወጪዎች አስቀድሞ ከፍሏል። የሚቀረው መቼ ያቁም የሚለው ነው። ከአንድ ፌስታል ብዙው ምርት የሚገኘው በመጀመሪያው ለቀማ ነው። ሁለተኛው ያንሳል፣ ሦስተኛው የድካም ነው። ከመጀመሪያው ለቀማ በኋላ ቢቆም አምራቹ ዋናውን ገንዘብ ያገኛል፣ ለላሟም ገና ያልተሟጠጠ ነገር ይቀራል። ተስማሚው መሃል ይሄ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ግድ ነው። የእንጉዳይ ዝንብ ለማጥፋት መድኃኒት ተረጭቶበታል ወይ? ከሆነ ወደ በረት እንዳይጠጋ።

ወዳጄና እቴቴ በስልክ ተገናኝተዋል። እኔ መሃል ሆኜ ነበር የማስማማቸው፣ አሁን ረስተውኛል። ወዳጄ ጭድ ይወደድባታል፤ እቴቴ በመኸር ወቅት በርካሽ የሚገዙበትን ሰው ያውቃሉ። ስለዚህ እቴቴ ጭድ ይልካሉ፣ እሷ አንዴ ለቅማ ፌስታሎቹን ትመልሳለች፤ የሂሳቡ ልዩነት በወተትና በእንጉዳይ ይቻቻላል። ትራንስፖርቱን ማን ይክፈል የሚለው ላይ አልተስማሙም። እቴቴ የጨመሩት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ፌስታሉ ሱሉልታ ደርሶ እሳቸው ራሳቸው ቀደው ሳያዩት ርክክብ የለም።

«የኔ ልጅ፣ አንዲት አረንጓዴ ካየሁ በመጣበት መኪና ነው የምመልሰው» አሏት።

«እሺ እትዬ፣ የመመለሻውን ግን እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት» አለች።